ልጄን በፈረስ እግር ብረት ያሰርኩባት ቅዳሜ

የምታውቁኝ ካላችሁ በፈረስ ነው የምታውቁኝ። ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ፣ ወዲያም እስከ ግምጃ ቤት፣ «አልገራ ካለህ ያረጋል ዘንድ ውሰደው» ይባላል። የሚነክስ፣ የሚራገጥ፣ ሰው ጥሎ ጎድን የሰበረ፣ ኮርቻ ሲያይ የሚያብድ ፈረስ ወደ ደጄ ይመጣል፤ በሳምንቱ ሕፃን ተቀምጦበት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም አገር የመሰከረው ጉራ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን የፈረስ ወሬ አይደለም። ሥራዬን በገዛ ልጄ ላይ የሞከርኩባቸውን ሁለት ቀናት ነው።

ያኔ ኀምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤቴ እንጅባራ ዳር ነው፤ በቀርከሃ የታጠረ፣ ከኋላው ድንች የምንተክልበት ጓሮ ያለው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ተድረው ወጥተዋል። ከእኔና ከባለቤቴ ከስመኝ ጋር የቀረው የመጨረሻው ልጃችን ልየው ብቻ ነበር። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ስመኝ «አንተ ሰውዬ፣ ለፈረስ ካለህ ትዕግሥት ሩቡን ለሰው ብትሰጥ ጻድቅ ትባል ነበር» ትለኛለች። እኔ እስቅ ነበር። እሷ ግን ስትቀልድ አልነበረም።

ልየው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ዳንግላ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ጥሩ ልጅ ነበር ስላችሁ አባት ሁሉ የሚለውን እያልኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ነበረ፣ ምን ላድርግ! ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቱ ስኳርና ሳሙና ይዞ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ጫት ጀመረ። «ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ስለምውል ነው አባዬ፤ እንዳልደክም ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ወገቡን ሲያመው አንድ ጓደኛው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጠው። አንዱ ክኒን ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አምስት። በመጨረሻ ባጃጁን ከነተሳፋሪው ቦይ ውስጥ ገለበጠውና ባለንብረቱ ቁልፉን ቀማው። ወደ ቤት ሲመለስ ጉንጩ ገብቶ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ ነበር።

ከዚያ ዕቃ መጥፋት ጀመረ። ሬዲዮዬ ሄደ። የእናቱ አዲስ ቀሚስ ሄደ። አንድ ቀን ለበዓል የማወጣውን የፈረስ ዕቃ፣ ጌጠኛውን ኮርቻና ልጓም፣ ላወርድ ብሄድ ግድግዳው ባዶ ነው። የአገራችንን ሰው የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለአዊ ሰው ይህ በቁም እንደ መራቆት ነው። የዚያን ቀን ልየውን በጥፊ መታሁት። ለጎረቤት «ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ነው» እያልን ደበቅን። የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት እኛ ዘንድ ከሞት አይሻልም።

አንድ ዓርብ ከጥሊሊ ገበያ ስመለስ ስመኝ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ነጠላው ደም ነክቶታል።

«ምን ሆንሽ?»

«ወድቄ ነው።»

«ስመኝ፣ አትዋሺኝ!»

እጇን አነሣች። ከንፈሯ ተተርትሯል፣ የፊት ጥርሷ አንዱ የለም። «ገንዘብ ስጪኝ አለኝ፤ የለኝም ስለው ገፋኝ፣ መቃኑ መታኝ» አለች። ቀጥላም «ልጄ አይደለም እኮ ያረጋል። ክኒኑ ነው የገፋኝ» አለችኝ።

«ክኒን እጅ የለውም!» ብዬ ጮኽኩ።

ያኔ ነው የወሰንኩት። አልገራ ያለ ፈረስ ሲመጣልኝ ሥራው የሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን እግሩን በብረት ታስረዋለህ፣ ራሱን ከምሰሶ ታስጠጋዋለህ፣ መኖና ውሃ ትቀንስበታለህ፤ ይዘላል፣ ይራገጣል፣ ተወው። በሁለተኛው ቀን ያኮርፋል። በሦስተኛው ጆሮውን ይጥልና ከእጅህ ይበላል። እግር ብረቱ ሌባ እንዳይወስድብን በየመስኩ ፈረስ የምንቆልፍበት ነው፤ ሁለት ቀለበት፣ መሐሉ አጭር ሰንሰለት፣ አንድ ቁልፍ። ሠላሳ ዓመት ፈረስ የገራሁ ሰው አንድ ልጅ ያቅተኛል?

«ሦስት ቀን ስጪኝ» አልኳት ስመኝን።

«ሐኪም ዘንድ እንውሰደው።»

«ምን ብለን? ያረጋል የሰው ፈረስ ገርቶ የራሱ ልጅ አቃተው ልታሰኚኝ ነው?»

ነጠላዋን አፏ ላይ መልሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከድንቹ ላይ ሳይነሣ፣ የስመኝን ወንድም ሙላትን ጠራሁት። ሙላት ጠንካራ ገበሬ ነው፤ በልቡ የክፋት ጠብታ የለም፣ አፉ ላይ ግን ማሰሪያ የለውም። ልየው ተኝቶ ነበር። ብርድ ልብሱን ስገፈው ዓይኑን ገልጦ በእጄ የያዝኩትን ብረት አየ። ተወርውሮ በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝ። ደሜ አፌ ውስጥ ገባ። ሙላት ከወገቡ ያዘው፤ ልየው ክንዱን ነከሰው፣ ሙላት እንደ ወይፈን ጮኸ። ሦስታችንም ተያይዘን መሬት ወረድን፤ እንስራው ተሰበረና በውሃና በጭቃ ተንከባለልን። በመጨረሻ ደረቱ ላይ በጉልበቴ ቆምኩበትና ሙላት እግሩን ገጠመልኝ። ብረቱ ሲቆለፍ የሰማሁት ድምፅ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አሰኘኝ።

ወደ ጋጣው ጎትተን ወሰድነው። የራሴን ፈረስ ዳማን ውጭ አሰርኩትና ልየውን በእሱ ቦታ ጭድ ላይ አስቀመጥኩት። እጆቹን በጠፍር ከምሰሶው ጋር አሰርኩ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሙላት ክንዱን እያሸ ቆሞ አየውና «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች አለ ሰውዬው። አንተ ልጅ፣ በራስህ ነው ያሳጠርከው» አለው። እኔም ሳቅሁ። ልየው ወደ ሁለታችን ተፋ።

እስከ ቀትር ድረስ ዛተ። እንደ ወትሮው «እርስዎ» ማለቱ ቀርቶ «አንተ» ይለኝ ጀመር። «ፍታኝ! እገድልሃለሁ! ተኝተህ እሳት እለቅብሃለሁ!» በአማርኛ ሲያልቅበት በአውኚ ይቀጥላል፤ አያቴ ቢሰሙት መቃብር ውስጥ ይገለበጡ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠፍር እሰፋ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ፈረስ እንዲህ ነው አልኩ።

ከቀትር በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ብርድ ሳይኖር ተንቀጠቀጠ፣ ላቡ ግን ይወርድ ነበር። ደጋግሞ ያዛጋል፣ አፍንጫውና ዓይኑ ይፈስሳል። አስታወከ፣ ከዚያም ሆዱ ተለቀቀና ራሱ ላይ ወጣበት። ታስሮ በራሱ እድፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አባዬ፣ አጥንቴ ውስጥ የሆነ ነገር እየሄደ ነው። አንዲት ብቻ። አንዲት ብቻ ካመጡልኝ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ስለ እግዚአብሔር እለምንዎታለሁ፤ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ!»

ስመኝ አጥሚት ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆምኩባት።

«ዛሬ አይበላም።»

«ውሃስ?»

«ጠዋት ጠጥቷል፤ ማታ ይጠጣል።»

«ያረጋል፣ ይሞትብኛል።»

«ፈረስ በዚህ አልሞተብኝም።»

አጥሚቱን መሬት ላይ አስቀምጣ በዚያ በወለቀው ጥርሷ በኩል «ፈረስ አልወለድኩም» ብላኝ ሄደች። ተከትያት ልናገር ብዬ ነበር፤ እልህ ያዘኝና ቀረሁ።

እሑድ ጠዋት ሙላት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ስመኝ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእሑድ ቅዳሴ ቀርታ የማታውቅ ሴት፣ ያን ቀን ከጋጣው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልየው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዝም አለ። ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ትከሻው ወርዶ፣ ከንፈሩን ይልስ ነበር። እንግዲህ እዩልኝ፤ ፈረስ እጁን ሲሰጥ የሚያሳየው ምልክት ይኸው ነው። ራስ ይወርዳል፣ ከንፈር ይላሳል። ልጄ በውሃ ጥም ከንፈሩን እንደሚልስ አንድ ሰው ቢነግረኝ ምን ነበረ! እኔ ግን በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ገራሁት ብዬ ልቤ ሞቀ።

«አባዬ» አለኝ በቀስታ፣ «ገብቶኛል። አጥፍቻለሁ። ውሃ ይስጡኝ።»

በጣሳ ውሃ ቀድቼ ገባሁ። እንዲጠጣ የእጁን ጠፍር ከምሰሶው ፈታሁለት። አጎንብሼ ጣሳውን አፉ ላይ ሳደርግ ጠፍሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

ከዚያ ያለውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ ስል ይዘበራረቅብኛል። ጣሳው ወደቀ። ከኋላዬ ነበር፤ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ ተክሎ ጠፍሩን በሁለት እጁ ይጎትታል። «ቁልፉን! ቁልፉን! ቁልፉን!» ይላል። ቁልፉ እዚያው አንገቴ ላይ፣ ጠፍሩ ሥር ነበር፤ ቢያየው ይወስደው ነበር። ዓይኔ ጠቆረ፣ ምላሴ ወጣ። የስመኝን ጩኸት ሰማሁ። «ልየው፣ አባትህን! ልየው፣ አባትህን ገደልከው!» ሮጣ ገብታ ጣቶቹን ከጠፍሩ ልታላቅቅ ስትታገል ማተቤ ተበጠሰ። በዚያች ቅጽበት ክርኔን ወደ ኋላ ሆዱ ላይ ሰደድኩ፤ ላላልኝ፤ ተንከባለልኩና ወጣሁ።

ወጥቼ መሄድ እችል ነበር። ልብ በሉልኝ፣ በሩ ክፍት ነበር፤ እሱ እግሩ ታስሯል፣ ሊከተለኝ አይችልም። ሁለት ዕርምጃ ብራመድ ሁሉም ነገር እዚያ ያበቃ ነበር። እኔ ግን በሩ አጠገብ የቆመውን ወፍራም የበር መወርወሪያ እንጨት አነሣሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ፈረስ በዱላ መትቼ አላውቅም፤ ፈረስ በዱላ የሚመታ ገሪ ሥራ የማያውቅ ነው እያልኩ ስንቱን ወጣት ገሥጫለሁ። ልጄን መታሁት። ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ጭኑን። ሲወድቅ መታሁት፣ ጭዱ ላይ ሲሳብ መታሁት። ለመሸሽ ሲሞክር ሰንሰለቱ ይይዘውና በፊቱ ይደፋል፤ በተደፋበት መታሁት። «የእናትህን ጥርስ! የእናትህን ጥርስ!» እል ነበር። አንዱ ምት ጭንቅላቱን አገኘው፤ ደም በጆሮው ላይ ወረደ።

እንደገና ሳነሣ ስመኝ መሐል ገባች። ልጇ ላይ ተደፍታ አንድ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋችው። አይቻታለሁ። «አላየኋትም» እያልኩ ለረጅም ጊዜ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ አይቻታለሁ። እጄን ግን አልመለስኩም። ክንዷ ሲሰበር ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ።

አልጮኸችም። ክንዷ ካለቦታው ታጥፎ ቀና ብላ አየችኝ። «ጨርስ» አለችኝ። «ከጀመርክ ሁለታችንንም ጨርስ።»

መወርወሪያው ከእጄ ወደቀ። ዓርብ ዕለት «ክኒን እጅ የለውም» ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ልጁ ክኒን ውጦ እናቱን ገፋ። እኔ ምን ውጬ ነው ሚስቴን የሰበርኩት? ቁርሴ ዳቦና ሻይ ነበር።

ንስሐ የምገባበት ጊዜ አልነበረም። ልየው ከሥሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንደ ትናንቱ አይደለም፤ ሰውነቱ በሙሉ እንደ ጅማት ተወጠረ፣ ዓይኑ ነጭ ሆነ፣ አረፋ ከአፉ ወጣ፣ ሰንሰለቱ እየተንቋቋ እግሮቹ መሬቱን ደበደቡ።

«ፍታው! ቁልፉን አምጣ!» አለች ስመኝ።

አንገቴን ዳሰስኩ። የለም። ማተቡ ሲበጠስ ቁልፉ ጭዱ ውስጥ ገብቷል። በእንብርክኬ ሆኜ ጭድ በእፍኝ እያነሣሁ፣ እየበተንኩ፣ ፋንድያና ትውከት በጣቶቼ እያጣራሁ ፈለግሁ። ስመኝ በደኅና እጇ ትፈልጋለች። ልጄ በመሐላችን ይንቀጠቀጣል። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። አላገኘነውም። መንቀጥቀጡ ቆመና ልየው ዝርግት አለ፤ ትንፋሹ ያንኮራፋል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«አንሣው እንግዲህ» አለችኝ።

«ከነብረቱ?»

«ከነብረቱ!»

ትከሻዬ ላይ ጫንኩት። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ያልፋል። ቅዳሴ ያበቃበት ሰዓት ነበር። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ እየወጣ ነው። እኔ፣ ደም በደም ሆኜ፣ የታሰረ ልጄን ተሸክሜ፤ ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ ዕርምጃዬ ደረቴን ይመታኛል፤ ስመኝ የተሰበረ ክንዷን አቅፋ ከኋላዬ። ወባ ነው ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ አዩ። አንዲት አሮጊት «ኧረ በስላሴ፣ የፈረስ ብረት ነው እኮ!» ሲሉ ሰማሁ። ሙላት ከሰዉ መሐል ወጥቶ እየሮጠ መጣ፣ ከእግሩ በኩል ያዘልኝ፤ አንድ ባጃጅ አቁሞ አስገባን። ነጂው ብረቱን አይቶ ልጄን አየ። ከዚያ እኔን አየኝና ነዳ።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። ልጄን አስተኝተው መርፌ ወጉት፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ጭንቅላቱን ሰፉት። ብየዳ ቤት ከሚሠሩት አንዱ ተጠርቶ መጥቶ ብረቱን በመጋዝ ቆረጠው። መጋዙ ሲሄድ የልጄ ቁርጭምጭሚት ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኖ አየሁት። ሐኪሟ ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ማን ነው ያሰረው?»

ሙላት መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ። አባቱ ነኝ» አልኳት።

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ።»

«ውሃ ይጠጣ ነበር?»

«ጠዋትና ማታ።»

የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ፈረስ ገሪ ነኝ።»

«ፈረስዎ ቢታመም የት ይወስዱታል?»

«እንስሳት ሐኪም ዘንድ። ዳንግላ ድረስም ወስጄ አውቃለሁ።»

«ይሄም ታሞ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ክኒን ሰውነት ከለመደው በኋላ በአንዴ ማቋረጥ እንደሚያሠቃይ፣ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ እንደሚወጣ፣ ድብደባውና የውሃ ጥሙ ተጨምሮበት ሊሞት ይችል እንደነበር አስረዳችኝ። ከዚያ የስመኝን ክንድ ልትይዝ ስትል «ይሄንንስ ማን ነው?» አለች።

«ልጁ ነዋ!» አለ ሙላት። ሙላት በቦታው አልነበረም፤ የመሰለውን ነው የተናገረው። «ዓርብ ጥርሷን፣ ዛሬ ክንዷን!»

ስመኝ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሐኪሟ ጻፈችው።

ልየው ሰኞ ረፋድ ላይ ነቃ። መንቀጥቀጡ ይሁን ምቱ፣ የእሑዱን አንድም ነገር አላስታወሰም። ጣሳውን፣ ጠፍሩን፣ መወርወሪያውን፣ ምንም። ዓይኑ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየው በጄሶ የታሰረውን የእናቱን ክንድ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«አንተው ነሃ!» አለው ሙላት። «አንተው ሰብረሃት ትጠይቃታለህ?»

የልጄ ፊት ያን ጊዜ የሆነውን ባላየሁት ምነው። ግሉኮሱ በተሰካበት እጁ አፉን ያዘና አለቀሰ፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ስመኝ አፏን ከፈተች። እኔ በደኅና እጇ ሳብኩና ወደ ደጅ አወጣኋት።

«አትንገሪው» አልኳት። «ስሚኝ፤ ይሄ ጸጸት ነው የሚያድነው። ይያዘው። እለምንሻለሁ።»

«ያላጠፋውን?»

«ጥርስሽን አላጠፋም?»

በጄሶ የታሰረ ክንዷን አቀፈች። ከዚያ «እሺ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ከአንድ ማዕድ አልቆረሰችም። ምግቤን ታቀርብልኛለች፤ የእሷን ይዛ ሌላ ጥግ ትቀመጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። ልየው እየተመላለሰ ሕክምናውን ተከታተለ፤ ክኒን አልነካም። ውሃ ይቀዳል፣ ድንች ይቆፍራል፣ ልብስ ሳይቀር ያጥብላታል። ሰው «ልጅህ ተመለሰ እኮ!» ሲለኝ «ብረት ነው የመለሰው» እል ነበር፣ ይሄን ሁሉ ሆኜም! ልየው ግን የእናቱን ዓይን ማየት አቃተው። ክንዷ ጠምሞ ገጥሞ ነበር፤ ሊጥ ስታቦካ ባየ ቁጥር ከቤት ይወጣል። አንድ ሐሙስ ወጥቶ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ዳንግላ እንዳለ ወሬ ደረሰን። ስመኝ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። «ሂድና ንገረው። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። ግን ካንተ አፍ ይስማው» አለችኝ።

በሚኒባስ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ውስጥ አገኘሁት፤ ከቀትር በኋላ ነበር። ፍራሽ ላይ ተጋድሟል፣ ብሌኑ እንደገና ጠቧል። እኔን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እጆቹን በፊቱ ከለለ። ልምታው የመጣሁ መስሎታል።

«ልየው፣ የእናትህን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ። «ምን?»

«እኔ ነኝ። አንተን ስመታህ እሷ መሐል ገባች። አይቻት መታኋት። አንተ አይደለህም። ጥርሷን ገፍተህ ነው ያወለቅከው፣ እሱ ያንተ ነው። ክንዷ የእኔ ነው።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እኔ ለምኛት ነው ዝም ያለችው። ጸጸቱ ይገራሃል ብዬ ነው።»

ቡጢው መቼ እንደተነሣ አላየሁም። አፌ ላይ አረፈና ከበሩ ውጭ ጣለኝ። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ተንከባለለ። ሰው ተሰብስቦ «ያዙት! አባቱን እኮ ነው!» ሲል እጄን አነሣሁና «ተዉት» አልኳቸው። ልየው ከላዬ ቆሞ ነበር። ሁለተኛውን ጠበቅሁት። እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠና ጉልበቱን አቅፎ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሆስፒታል እንዳለቀሰው ያለ ድምፅ የሌለው ለቅሶ አልነበረም።

«አራት ወር ሙሉ» አለኝ፣ «እጄን ልቆርጠው አስቤ ነበር።»

እኔም አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አባቶች በተለይ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጃችሁ በዚህ ነገር ቢያዝ ገመናችንን እንሸፍን ብላችሁ በር አትዝጉ። የእኔ ገመና በተዘጋ በር ውስጥ ነው ደም የሆነው። አትሰሩት፣ አትምቱት፤ ምንም የማታውቁበትን በሽታ በምታውቁት ሙያ አትሞክሩት። ያን ሁሉ ብታደርጉ እንኳ፣ የእናንተን ጥፋት በእሱ ላይ አትጫኑ። ብረቱ የላጠው ቁርጭምጭሚት በሦስት ሳምንት ጠገገ። የጫንኩበት ውሸት ግን ወደ ክኒኑ መልሶ ወሰደብኝ። አሁን ስመኝ ከእኔ ጋር ትበላለች፤ ይቅር ያለችኝ እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም፣ እፈራለሁ።

ልየው ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። ከዳንግላ ከመጣን በኋላ ሕክምናውን እንደገና ጀመረ፤ ሰባት ወር ቆይቶ ደግሞ ወደቀ። በማግስቱ ጠዋት አንድ የፈረስ ውርንጭላ እየቦረሽኩ ነበር። መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ፊቱ ገርጥቷል።

«አባዬ» አለኝ፣ «ትናንት ወሰድኩ። ሐኪሟ ዘንድ አብረውኝ ይሄዳሉ?»

ቡሩሹን አስቀመጥኩና «እሺ፣ እንሂድ» ብዬ እጄን ልታጠብ ገባሁ።